ቀኝ የለመደ እጅ በኪሌሌሽዋ ጎዳና

ስለ ረድፍ ጠብቆ መንዳትና ስለ መቅደም ሥነ ሥርዓት

ምልምል ወታደር ማሠልጠኛ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ግራና ቀኙን ሳያስብ መለየት ነው። «ቀኝ ዙር!» ሲባል አካሉ ከአእምሮው ቀድሞ ይዞራል። ልምምዱ የሚደጋገመውም ትእዛዙ ከሐሳብ ወደ ጅማት እስኪወርድ ድረስ ነው። መኪና መንዳትም ከዚህ አይለይም። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሾፌር በየመታጠፊያው «ቀኜ የቱ ነው?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም፤ እጁ ያውቀዋል። ታዲያ ይህ ያወቀ እጅ ግራና ቀኙ ተገላብጦ በሚገኝበት አገር መሪ ቢጨብጥ ምን ይሆናል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ሲሆን፣ መልሱን የምንፈልገው በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በተባለው ሰፈር ጎዳናዎች ላይ ነው።

ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

ኢትዮጵያን ከሚያዋስኗት ስድስት አገሮች መካከል ተሽከርካሪ ግራውን ይዞ የሚሄድባት ኬንያ ብቻ ናት። ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን እንደ እኛው ቀኛቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ የደረሰ አሽከርካሪ ድንበሩን እንዳለፈ የያዘውን ጎን መለወጥ ግዴታው ይሆናል። ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል እስከ ኢሲዮሎ የሚዘልቀው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከለበሰና እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሞያሌ ከተመረቀ ወዲህ ይህ ጉዞ ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል።

ለሠራዊቱ አባላትና ለቤተሰቦቻቸውም ናይሮቢ ሩቅ አገር አይደለችም። የምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል ጽሕፈት ቤት በናይሮቢ፣ የሎጂስቲክስ ማእከሉ ደግሞ በአዲስ አበባ የሚገኝ በመሆኑ፣ ለሥራም ሆነ ለሥልጠና ወደዚያ የሚሄድ መኮንን አይጠፋም። ከዚህም ሌላ በከተማይቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ኪሌሌሽዋን በሚያዋስነው በኪሊማኒ በኩል የሚያልፍ ሰው የእንጀራና የቡና መዓዛ የሚያውደው የአገሩን ልጅ ምግብ ቤት አያጣም።

ሰፈሩና መንገዱ

ኪሌሌሽዋ በምዕራብ ከላቪንግተን፣ በሰሜን ከዌስትላንድስ፣ በደቡብ ከኪሊማኒ ጋር የሚዋሰን ሰፈር ነው። ጎዳናዎቹ በኬንያ ከተሞችና አውራጃዎች ስም የተሰየሙ በመሆናቸው ነዋሪው ቤቱ እስኪደርስ የአገሪቱን ካርታ የሚያቋርጥ ይመስላል፦ ኦታያ መንገድ፣ ማንዴራ መንገድ፣ ሲያያ መንገድ፣ ላይኪፒያ መንገድ፣ ኦሎይቶኪቶክ መንገድ እየተባለ ይቀጥላል። ሰፈሩ ቀድሞ ሰፋፊ የአትክልት ግቢ ባላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች የታወቀ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ፈርሰው በየቦታቸው ፎቅ በፎቅ ላይ የተነባበረባቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት ከነበረው ግቢ ዛሬ በየማለዳው በርካታ መኪናዎች ይወጣሉ። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ግን እንደ ድሮው ናቸው፤ ለአንድ አቅጣጫ አንድ ረድፍ፣ በዳርና በዳር ዛፍ። የሰፈሩን ስም የያዘው የቀለበት መንገድ ጭነቱን ቢያቃልልም የማለዳው ግፊያ አልቀረም።

እንግዲህ በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ የቤት መኪናው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሱ፣ ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻና ቦዳ ቦዳ የሚባለው ሞተር ብስክሌት በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። በማንዴራ መንገድ ላይ የታወቀው የኬንያ የልጃገረዶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይገኛልና ተማሪዎች የሚመጡበትና የሚመለሱበት ቀን ሲሆን ደግሞ ግፊያው ይብሳል። መንገዱ አልሰፋም፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን በዝቷል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰላም የሚጠበቀው እያንዳንዱ በረድፉ ሲቆይና ተራውን ሲያውቅ ብቻ ነው።

የ1956ቱ ሰኔና ሰኞ

ወጣቶች አንባቢዎቻችን ምናልባት የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያም ራሷ ቀድሞ ግራዋን ይዛ ትነዳ ነበር። ወደ ቀኝ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ሲሆን ዕለቱም ሰኞ ነበር። የሰኔ መባቻ ሰኞ የሚውልበት ዓመት በአበው ዘንድ መጥፎ ገድ ነው ይባላል፤ ሁሉ ነገር ለተጣመመበት ሰው «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» የምንለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያ ሰኔና ሰኞ የአገሩ ሾፌር ሁሉ «ቀኝ!» የሚል አንድ ትእዛዝ ተቀበለ። ትናንት ግራውን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው በማግሥቱ ቀኙን ይዞ ወጣ። ስዊድን ተመሳሳይ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ሲሆን፣ ሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ተከተለች። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ግን ከእንግሊዝ አስተዳደር የወረሱትን ግራ እንደያዙ ቀርተዋል። ስለዚህ ከ1956 በፊት በአዲስ አበባ ይነዱ የነበሩ አባቶች ኪሌሌሽዋ ቢወሰዱ እንግዳ የሚሆኑት ልጆቻቸው እንጂ እነርሱ ባልሆኑ ነበር።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ግራም ሆነ ቀኝ በራሱ ከሌላው የተሻለ አለመሆኑን ነው። ኃይሉ ያለው በስምምነቱ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ የሚመጣውን ሾፌር አላውቀውም፤ ስሙን፣ ሃይማኖቱን፣ ጠባዩን አላውቅም። ነገር ግን ወደ እርሱ በሙሉ ፍጥነት እሄዳለሁ፤ እርሱም ወደ እኔ ይመጣል። በመካከላችን ያለው አንድ የቀለም መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ግንብ አይደለም፤ ቃል ኪዳን ነው። ረድፍ መጠበቅ ማለትም ለማናውቀው ሰው የሰጠነውን ይህን ቃል መጠበቅ ነው።

ልማድ የሚከዳበት ሰዓት

ከኢትዮጵያ ሄዶ በናይሮቢ የሚነዳ ሰው በመጀመሪያ የሚያስቀው ነገር ይገጥመዋል። ኬንያ ውስጥ የሚበዙት ከጃፓን የመጡ መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪናዎች ናቸው። በእነዚህ መኪናዎች የፍሬቻው መዘውር በመሪው ቀኝ፣ የመስታወት መጥረጊያው በግራ ነው። ስለዚህ እንግዳው ሾፌር ለመታጠፍ ፍሬቻ ሊያሳይ ሲል በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን ይጠርጋል። ማርሹንም በግራ እጁ መፈለግ አለበት። ይህ ሰው ከማሳቁ በስተቀር ብዙ ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

አስገራሚው ነገር አደጋው የሚያሰጋው መኪና በበዛበት ሰዓት አለመሆኑ ነው። በግፊያ ጊዜ ከፊት ያለውን መከተል ብቻ ይበቃል፤ ሌሎቹ መንገዱን ያሳዩታል። አሮጌው ልማድ የሚመለሰው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። እሑድ ማለዳ ከግቢ በር ሲወጣ፣ ከነዳጅ ማደያ ተነሥቶ ወደ አስፋልት ሲገባ፣ ማታ ደክሞት ሲመለስ፣ የሚከተለው መኪና በሌለበት በዚያች ቅጽበት እጁ ሳያማክረው ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚያ አገር አጭሩና ቀላሉ መታጠፊያ ወደ ግራ የሚታጠፈው ነው፤ ወደ ቀኝ መታጠፍ ግን ፊት ለፊት የሚመጣውን ረድፍ ማቋረጥ ይጠይቃል። ከእኛ አገር ፍጹም ተቃራኒ ነው ማለት ነው።

አደባባዩም እንዲሁ ነው። በአገራችን አደባባይን የምንዞረው ከሰዓት እጅ በተቃራኒ ሲሆን ቅድሚያ የምንሰጠውም በግራችን ለሚመጣው ነው። በናይሮቢ ዙረቱ እንደ ሰዓት እጅ ነው፤ ቅድሚያውም በቀኝ በኩል ለሚመጣው ነው። ወደ አደባባዩ ከመገባቱ በፊትም ረድፍ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ የግራውን፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የቀኙን ረድፍ ይይዛል። በኬንያ ለመንጃ ፈቃድ የሚቀርብ ተፈታኝ በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ የከተማ ሞዴል ትንሽ የመጫወቻ መኪና እየገፋ የትኛውን ረድፍ እንደሚይዝ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ይህን ዘዴ ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ የስኒ ማስቀመጫው አደባባይ፣ የክብሪቱ ሣጥን መኪና ይሆናል። ለጉዞ የሚሰናዳ ሰው ከልጆቹ ጋር አንድ ምሽት እንዲህ ቢጫወት ከብዙ ምክር ይበልጥበታል።

መቅደም በቁጥር ሲታይ

ወደ መቅደም ስንመጣ ነገሩ ከሣቅ ይወጣል። በኬንያ የሚቀደመው በቀኝ በኩል ነው፤ ሰፊ በሆኑት መንገዶችም፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 በተመረቀው የቲካ አውራ ጎዳና ላይ፣ የቀኙ ረድፍ የመቅደሚያ ነው። በአገራችን ደግሞ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ፣ መቅደሚያው የግራው ረድፍ ነው። በሁለቱም አገር ግን ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀድሞ ሲያበቃ ወደ ረድፉ የማይመለስ፣ በመቅደሚያው ላይ ተንፈላስሶ የሚሄድ ሾፌር አለ። ይህ ሰው ፍጥነቱ ሕጋዊ ነው ብሎ ጥፋት የሌለበት ይመስለዋል። ነገር ግን ከኋላው ያሉት በማይገባው ጎን ሾልከው እንዲያልፉ የሚገፋፋቸው እርሱ ነው።

ባለ ሁለት ረድፍ በሆነው የገጠር መንገድ ላይስ? እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የጭነት መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከኋላው ያለው የቤት መኪና በ80 ሊቀድመው ይነሣል። የከባዱን መኪና ርዝመት፣ የራሱን ርዝመትና ከፊትና ከኋላ ሊተው የሚገባውን ክፍተት ስንደምር ከጭነት መኪናው 70 ሜትር ያህል አብልጦ መጓዝ አለበት። የፍጥነታቸው ልዩነት በሴኮንድ ከ6 ሜትር ያነሰ ስለሆነ ይህን ለመፈጸም 13 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በ13 ሴኮንድ ውስጥ ቀዳሚው መኪና 290 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊት የሚመጣ ሌላ መኪናም በ80 ቢበር ያንኑ ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ለመቅደም ሲነሣ ባዶ መሆን ያለበት መንገድ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል! ዳገት ጫፍ ላይ፣ ጠመዝማዛ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ ይህን ያህል መንገድ ማን ያያል? ያላዩትን መንገድ ባዶ ነው ብሎ መገመት በሰው ሕይወት መወራረድ ነው።

ከኢትዮጵያ መሪው በግራ የሆነ መኪና ይዞ የሄደ አሽከርካሪ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። በኬንያ መንገድ ላይ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና አልፎ ለማየት ከፈለገ የመኪናውን አካል ከሞላ ጎደል ወደ ተቃራኒው ረድፍ ማውጣት ይኖርበታል፤ ይህም ማለት ከማየቱ በፊት ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል ማለት ነው። መፍትሔው ወደ ኋላ መቅረት ነው። ከጭነት መኪናው በራቀ ቁጥር የሚያየው መንገድ ይሰፋል። ተጠግቶ መከተል መቅደምን የሚያፋጥን ይመስላል እንጂ ዓይንን የሚጋርድ ነው። በቀኙ የተቀመጠው ረዳት ወይም ባለቤቱ መንገዱን አይታ ልትነግረው ትችላለች፤ ውሳኔውና ኃላፊነቱ ግን መሪውን የጨበጠው ሰው ነው።

በረጅም መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሾፌሮች በፍሬቻ የሚነጋገሩበት ልማድም አለ። ፍሬቻውን ወደ መንገዱ ዳር ያበራ «እለፍ፣ ቦታ ሰጥቻለሁ» ማለቱ ነው፤ ወደ መሐል ያበራ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ዳር ማለት ቀኝ ሲሆን በኬንያ ዳር ማለት ግራ ነው። በአንዱ አገር «እለፍ» የሚለው ምልክት በሌላው «አትለፍ» ይሆናል። ከዚህም በላይ ወደ መሐል የበራ ፍሬቻ «ልታጠፍ ነው» ማለት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ የወንድማማችነት ምልክት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ በሌላ ሰው ፍሬቻ ተማምኖ በራሱ ዓይን ያላየውን የቀደመ ሰው ቢጋጭ ተጠያቂው ራሱ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ቀዳሚውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የሚቀደመውም ግዴታ አለበት። ረድፉን ይዞ መቆየት፣ ፍጥነቱን አለመጨመር፣ አስፈላጊም ሲሆን ቀነስ አድርጎ ለተቀዳሚው መግቢያ መስጠት ይገባዋል። መቀደም ውርደት መስሎት ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር ሌላውን በተቃራኒው ረድፍ ላይ አስሮ ያስቀምጠዋል። ጀግንነት በጦር ሜዳ ይታያል እንጂ በአስፋልት ላይ አይለካም።

ሰልፍ የሚሰብሩት

በናይሮቢ ከተማ ከሁሉ የሚበልጠው የመንገድ ምሬት ምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው «ኦቨርላፒንግ» ይላል። ይህም ተሰልፈው የቆሙትን መኪናዎች በመንገድ ዳር ወይም በተቃራኒው ረድፍ አልፎ ሄዶ ከሰልፉ ጫፍ ላይ አፍንጫን ማስገባት ነው። አንዱ ሲያደርገው ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛው «እኔ ብቻ ሞኝ ነኝን?» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ከፊት የሚመጡት መተላለፊያ ያጡና ሁሉም በያለበት ይቆማል። አምስት ደቂቃ ለማትረፍ የተሠራው ብልጠት የሁሉንም ግማሽ ሰዓት ይበላል።

የኬንያ መንግሥት ይህን ለመግታት ሞክሯል። ሚኒስትር የነበሩት ጆን ሚቹኪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባስፈጸሙት ደንብ ማታቱዎች የፍጥነት መገደቢያና የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው ተገድደዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው የትራፊክ ሕግ ደግሞ ግፊያን ለማምለጥ ብሎ በእግረኛ መንገድ ላይ ወይም በነዳጅ ማደያ ውስጥ አቋርጦ መንዳትን ወንጀል አድርጎታል። ሕግ ግን ፖሊስ በቆመበት ቦታ ሁሉ ይከበራል፤ ፖሊስ በሌለበት የሚያስከብረው የሰው ጠባይ ነው። ይህም የኬንያ ብቻ ችግር አይደለም። በአዲስ አበባ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በምሽት የቆመ ሰው ያንኑ ያያል፤ ስሙ ብቻ ይለያል።

በኮንቮይ የተጓዘ ወታደር ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል። በኮንቮይ ውስጥ እያንዳንዱ መኪና ቦታውና ርቀቱ የታወቀ ነው። አንዱ ከሰልፉ ወጥቶ ቢሮጥ የሚደርሰው ቀድሞ ሊሆን ይችላል፤ ሰልፉ ግን ይበጠሳል። ይህን ሥርዓት በዩኒፎርም ጊዜ የሚጠብቅ ሰው በሲቪል ልብስና በቤት መኪናው ሲሆን ሊረሳው አይገባም።

ለእናቶችና ለልጆች

እስካሁን የተናገርነው ለሚነዱት ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ፣ ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ስለዚህ መሪ ጨብጠው ለማያውቁ የቤተሰብ አባሎችም የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፦ በአገራችን መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ በመጀመሪያ ወደ ግራ እንዲያይ እናስተምረዋለን፤ የቅርቡ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነውና። በናይሮቢ የቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። በዚያ አገር ልጆች «ቀኝ፣ ግራ፣ እንደ ገና ቀኝ» እያሉ ይለማመዱ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ ትምህርቱ ተገልብጦ መደገም አለበት።

ሁለተኛ፦ ከመኪና ሲወረድ በሩ ወደ እግረኛ መንገድ በሚከፈተው ጎን ይሁን። በናይሮቢ ይህ የግራው በር ነው። በቀኝ በር የሚወርድ ልጅ በመኪናዎች መካከል የሚሾልክ ቦዳ ቦዳ ፊት ይገኛል።

ሦስተኛ፦ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ተሳፋሪ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ከግቢ በወጣ ቁጥርና በየመታጠፊያው «ግራ ያዝ» የምትል ሚስት ነገር አበዛች አይባልም። ባልም «አውቃለሁ እኮ!» ብሎ መቆጣት አይገባውም፤ የሚያውቀውን የሚረሳበት ሰዓት መቼ እንደሚመጣ አያውቅምና። ይህ ልማድ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስኪያልፉ ድረስ ይቀጥል።

አራተኛ፦ «ረፍዷል፣ ቶሎ በል» የሚለው ቃል ከቤት ይጀምራል። ልጆች ዘግይተው ከተነሡ፣ ቁርስ ከዘገየ፣ አባትየው የጠፋውን ደቂቃ በመንገድ ላይ ሊያስመልስ ይሞክራል። ማለዳ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መነሣት ከማንኛውም የመኪና ፍሬን ይበልጣል።

በመጨረሻም

በስዋሂሊ ቋንቋ ግራ «ኩሾቶ»፣ ቀኝ «ኩሊያ» ይባላል። «ኩሊያ» የሚለው ቃል የመብያውን እጅ የሚያመለክት በመሆኑ በቀኙ ለሚጎርስ ሐበሻ ለማስታወስ አይከብደውም። ከእነዚህ ሁለት ቃላት ጋር አብሮ ሊያዝ የሚገባው አንድ የአገሩ ምሳሌ አለ፦ «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» ይላሉ፤ ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው። «ባራካ» ከእኛው «በረከት» ጋር ዘመድ ነው። እኛም በበኩላችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንላለን። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን ቢይዝም በአንድ ጥበብ ተስማምተዋል።

ስለሆነም ወደ ኪሌሌሽዋ የሚሄድ ግራውን፣ በአገሩ የሚቀር ቀኙን ይያዝ። የትም ይሁን የት ግን ያላየውን መንገድ አይቅደም፤ ቀድሞ ሲያበቃ ወደ ረድፉ ይመለስ፤ የሚቀድመውን አያስጨንቅ፤ የቆመውን ሰልፍ አይስበር። ፊት ለፊት የሚመጣው ያ የማናውቀው ሾፌርም እንደ እኛው ወደ ቤቱ የሚገባ፣ በሩ ላይ የሚጠብቁት ልጆች ያሉት ሰው ነው።